ከኪታብ ኅዳግ እስከ መዝገብ ቤት፦ በወሎ የዒልም ማዕከላት የመረጃ አያያዝ ታሪክ

ከኮምቦልቻ ተነስቶ ወደ ባቲ የሚወርደው መንገድ ደጋንን አቋርጦ ያልፋል። ይህ መንገድ የነጋዴ መንገድ እንደነበረ የታወቀ ነው፤ ሰኞ ሰኞ ወደሚቆመው የባቲ ገበያ ከደጋ እህል፣ ከቆላ ጨውና ከብት ሲመላለስበት ኖሯል። ይሁን እንጂ የደረሳም መንገድ ነበር። ስንቁንና ኪታቡን ያዘለ ቀሪ ፊቅህ ከቀራበት ሐሪማ ነህው ወደሚቀራበት፣ ከዚያም ተፍሲር ወደሚነገርበት ሸይኽ የሚሻገረው በእንዲህ ያሉ መንገዶች ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ከዚህ ጉዞ የሚነሳ ነው፤ ይኸውም ዋና ጽሕፈት ቤት፣ የጽሕፈት ሹም ወይም ማኅተም ያልነበራቸው፣ ከየጁ እስከ ዳዌ ተበትነው የነበሩ ማዕከላት ማን ምን እንደቀራ፣ የትኛው ኪታብ የት እንዳለ፣ የትኛው ቅጂ ታማኝ እንደሆነ እንዴት ያውቁ ነበር የሚል ነው።

ጥያቄው ለታሪክ ፍቅር ብቻ የተነሳ አይደለም። ዛሬ በየመስጂዱ ሣጥንና በየሸይኹ ቤተሰብ እጅ ያሉ ኪታቦች ይመዝገቡ፣ ፎቶ ይነሱ፣ በአንድ ቦታ ይሰብሰቡ የሚል ሐሳብ ደጋግሞ ይነሳል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን አዲሱን መዝገብ የሚያዘጋጅ ሰው አሮጌው መዝገብ ምን እንደነበረ ሳያውቅ ከጀመረ፣ ወረቀቱን አትርፎ ዕውቀቱን ሊያጠፋ ይችላል ብለን እንሰጋለን።

በእስልምና ታሪክ ውስጥ በሰፊ ግዛት ላይ የአንድን ጽሑፍ ይዘት አንድ አድርጎ የመጠበቅ የመጀመሪያው ታላቅ ሥራ የዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ) ነው። ሑዘይፋ (ረ.ዐ) ከአርመንያና ከአዘርባጃን ዘመቻ ተመልሰው የሻምና የዒራቅ ሰዎች በቂርኣት መለያየታቸውን ባሳሰቡ ጊዜ፣ ኸሊፋው በሐፍሳ (ረ.ዐ) ዘንድ የነበረውን ጽሑፍ አስመጥተው በዘይድ ኢብን ሣቢት መሪነት አስገለበጡ፤ ዋናውን ለሐፍሳ መለሱ፤ ቅጂዎቹንም ወደ ታላላቅ ከተሞች ላኩ። መምህራን ለደረሳ ሲተርኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ለእኛ ጉዳይ ግን የሚበልጠው ቀጥሎ የሚነገረው ነው፦ ሙስሐፉ ብቻውን አልሄደም። የቂርኣት ሊቃውንት እንደሚያስተላልፉት ከየቅጂው ጋር የሚያስቀራ ሰው ተመድቧል፤ ለመካ ዐብዱላህ ኢብን አስ-ሳኢብ፣ ለኩፋ አቡ ዐብዱረሕማን አስ-ሱለሚ፣ ለሻም አል-ሙጊራ ኢብን አቢ ሺሃብ ይጠቀሳሉ። ነጥብና ሐረካ ያልነበረው ጽሑፍ ያለ ቃሪ ሙሉ መረጃ አልነበረምና። ጽሑፉ ሰውን ይገታል፤ ሰውም ጽሑፉን ይገልጻል። ከዚያ ቀደም ብሎ ዑመር (ረ.ዐ) ያቋቋሙት ዲዋን የወታደሩንና የደመወዙን ስም ዝርዝር የያዘ ስለነበር ለመንግሥት አስተዳደር መነሻ ሆኗል። የወሎ ዑለማእ ግን የወረሱት የዲዋኑን ሳይሆን የሙስሐፉን መንገድ ነው።

አሁን ወደ ወሎ እንመለስ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአካባቢው የነበረው የዒልም መነቃቃት በፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ ጥናት በሰፊው ተገልጿል፤ በ2001 እ.ኤ.አ. በላይደን የታተመው መጽሐፋቸው እስካሁን የዘርፉ መነሻ ነው። በሸይኽ ሙሐመድ ሻፊ የተመሠረተው ጀማ ንጉሥ፣ በ1863 እ.ኤ.አ. ባረፉት በሐጅ ቡሽራ ስም የሚታወቀው የቃሉው ጌታ፣ በ1903 እ.ኤ.አ. ያረፉት ሸይኽ አሕመድ ኢብን አደም (ዳንዩል አወል) ያቀኑት የየጁው ዳና፣ የሸይኽ ጀውሀር ኢብን ሐይደር ሾንኬ፣ እነዚህና ሌሎችም እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ነበሩ። አንዱ በሌላው ላይ ሥልጣን አልነበረውም። በጠሪቃም ሁሉም አንድ አልነበሩም፤ ቃዲሪያ በአንዱ ሲጸና ሰማኒያ በሌላው ሰፍቷል። በመዝሀብም ሻፊዒይና ሐነፊይ ጎን ለጎን ኖረዋል። ሆኖም አንድ ደረሳ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ዘንድ ሲደርስ ከየት ላይ እንደሚጀምር የማያከራክር ነበር። «ምን ቀራህ? ከማን ቀራህ? የት አደረስክ?» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ይበቁ ነበር።

ለምን በቁ? የኪታቦቹ ቅደም ተከተል በሁሉም ዘንድ የታወቀ ስለነበረ ነው። በፊቅህ ከሰፊነቱን-ነጃና ከአቡ ሹጃዕ መትን ተነስቶ በፈትሑል ቀሪብ በኩል ወደ ሚንሃጅ የሚወጣው መሰላል፣ በነህው ከአጁሩሚያ ወደ ቀጥሩን-ነዳና ወደ አልፊያ የሚያደርሰው መንገድ፣ ለተፍሲርም ጀላለይን፣ ለደረሳው የደረጃ ምስክር ወረቀት ያህል ያገለግሉ ነበር። «ሚንሃጅን እስከ ኒካሕ ባብ ቀርቻለሁ» ያለ ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር ሙሉ የትምህርት መዝገቡን አቀረበ ማለት ነው። ሐሰት ቢናገር በመጀመሪያው የደርስ ቀን ይገለጥበታል። ዛሬ በብዙ ድርጅቶች ዘንድ ትልቁ ችግር የጋራ ስያሜ መጥፋቱ ነው፤ አንዱ ክፍል የሚጠራበትን ስም ሌላው አያውቀውም። የሐሪማዎቹ ጥንካሬ ስያሜውን ማንም ሳያውጅ ሁሉም ተቀብሎት መገኘቱ ነበር።

ኪታቡ ራሱ ደግሞ ሌላ መዝገብ ነው። እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባናል፤ ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ይህ ነውና። በእጅ የተጻፈ ኪታብ የሚይዘው ደራሲው የጻፈውን መትን ብቻ አይደለም። ገልባጩ በመቃ ብዕር ሥራውን ሲፈጽም በመጨረሻው ገጽ ስሙን፣ ብዙ ጊዜም ቀኑን በሒጅራ አቆጣጠር፣ አንዳንዴም የጻፈበትን ቦታና ያስጻፈውን ሰው ያኖራል። በየገጹ ግርጌ የሚቀጥለው ገጽ የሚጀምርበት ቃል ለብቻው ይጻፋል፤ ቅጠሎቹ ቢበተኑ ቅደም ተከተላቸው በእርሱ ይመለሳልና። ከዚያም ሙቃበላ ይመጣል፦ ቅጂው ከተገለበጠበት ዋና ኪታብ ጋር፣ አንዱ እያነበበ ሌላው እያየ፣ ይነጻጸራል። ማነጻጸሩ ያቆመበት ቦታ ላይ በኅዳጉ «በለገ»፣ ማለትም «እዚህ ደርሷል» የሚል ቃል ይጻፋል። የተዘለለ ቃል ከተገኘ ከመስመሩ ወደ ኅዳግ በሚወጣ ምልክት ይገባና «ሶሐ» ይባልበታል። «በለገ» የሌለው ቅጂ ያልተመረመረ ቅጂ ሊሆን እንደሚችል ደረሳ ሁሉ ያውቃል።

ከዚህ በኋላ ኅዳጉ የሸይኹና የደረሳው ቦታ ይሆናል። ሸይኹ በደርስ የተናገረው ማብራሪያ፣ ከሌላ ሸርሕ የተቀዳ ሐሳብ፣ አንዳንዴም ከባድ የዐረብኛ ቃል በዐጀሚ ፊደል በአማርኛ የተፈታበት ማስታወሻ እዚያ ይሰፍራል። ባዶ በቀረው ቅጠል ላይ ደግሞ የልጅ ልደት፣ የሸይኽ ዕረፍት፣ የብድር ውል፣ የረኀብ ዘመን ይመዘገባል። በዚህም ምክንያት በአንድ የፊቅህ ኪታብ ሽፋን ውስጥ የአንድ መንደር ታሪክ ተሸሽጎ ሊገኝ ይችላል። ዕውቅ የሆነውን የመትን ርዕስ ብቻ መዝግቦ የሚሄድ ሰው ይህን ሁሉ ይስተዋል። በዓለም ላይ በሺህ የሚቆጠሩ የሚንሃጅ ቅጂዎች አሉ፤ የዚያች መንደር ኅዳግ ግን አንድ ነው።

ስለ ኪታብ ባለቤትነትና ስለ መዋዋስም ሥርዓት ነበር። በ733 ሒጅሪ ያረፉት ኢብን ጀማዓ ለመምህርና ለተማሪ ባዘጋጁት የአደብ ኪታብ፣ ኪታብን ለማይጎዳው ሰው ማዋስ የተወደደ መሆኑን፣ የተዋሰ ሰው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በኅዳጉ ላይ እንዳይጽፍ፣ ለሌላም አሳልፎ እንዳያውስ፣ ጉዳዩን ሲጨርስም እንዳያዘገይ ያስተምራሉ። ወቅፍ የተደረገ ኪታብ ሲሆን ደግሞ በመጀመሪያ ገጹ ላይ ለማን ወቅፍ እንደሆነ ይጻፍበታል። አይሸጥም፣ አይሰጥም፣ አይወረስም የሚለው ሕግ ዑመር (ረ.ዐ) በኸይበር ስላገኙት መሬት ከተላለፈው ሐዲስ የመጣ መሆኑ ለአንባቢያን አዲስ አይደለም። እዚህ የምንጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የወቅፍ ቃል ያለበት ኪታብ ዛሬ በገበያ ሲሸጥ ቢገኝ፣ ያ አንድ መስመር ጽሑፍ ከማንኛውም የመንግሥት ማኅተም ያላነሰ ማስረጃ ነው። በመሆኑም የመጀመሪያውን ገጽ ቀድዶ የሚጥል ሻጭ የሚያጠፋው ወረቀት ሳይሆን የባለቤትነት መዝገብ ነው።

የሰዎቹ መዝገብ ኢጃዛ ነበር። ኢጃዛ የሚሰጠው ሸይኽ የራሱን ሸይኽ፣ የእርሱንም ሸይኽ እየጠራ ሰነዱን እስከ ኪታቡ ደራሲ ያደርሰዋል። ከወሎ ወጥተው እስከ ዘቢድና እስከ ሐረመይን ተሻግረው የተማሩ ዑለማእ ሲመለሱ ይዘው የመጡት ኪታብ ብቻ አልነበረም፤ ከባሕር ማዶ የተዘረጋ የሰነድ ሐረግም ነበር። እንዲህ ያሉትን ሐረጎች ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ተመራማሪ የማዕከላቱን ግንኙነት ካርታ ያገኛል፤ ማን ከማን እንደተማረ፣ የትኛው ሐሪማ የትኛውን እንደወለደ ይታየዋል። ይህን ካርታ የሣለው ግን አንድም ሰው የለም። ሁሉም የየራሱን ሐረግ ብቻ ጻፈ፤ ካርታው ከዚያ ተገኘ።

የዚህ ሥርዓት ድክመት የታየው በችግር ቀን ነው። በግንቦት 1870 ዓ.ም በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መሪነት ቦሩ ሜዳ ላይ የተካሄደውን ጉባኤ ተከትሎ የወሎ ሙስሊም መሪዎች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ በተገደዱ ጊዜ፣ ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ራስ ሚካኤል፣ አመዴ ሊበን ደጃዝማች ኃይለ ማርያም ተባሉ። ከዑለማእ መካከል ሸይኽ ጦልሐ ኢብን ጀዕፈርን የመሰሉ ተቃውመው ተነሱ፤ ሌሎች ከመኖሪያቸው ተሰደዱ። ማዕከል የሌለው ሥርዓት በአንድ ምት እንደማይሞት እዚህ ታየ፦ የሚያዝ ዋና ጽሕፈት ቤት አልነበረምና ሸይኹ በደረሰበት ሁሉ ሐሪማው አብሮት ደረሰ። የሸይኽ ጦልሐ በዐጀሚ የተጻፉ የአማርኛ መንዙማዎችም ያለ መዝገብ ቤት፣ ከአንደበት ወደ አንደበት፣ ከወረቀት ወደ ወረቀት ተሻግረው እኛ ዘንድ ደርሰዋል። ነገር ግን ያው ስደት ሌላም ነገር አሳየ። ሸይኹ ያለ ተተኪ ሲሞት፣ ወይም ኪታቡ ከሚያውቀው ሰው ሲለይ፣ ኅዳጉን የሚያነብለት የለም። ኪታቡ አለ፤ ከማን እንደመጣ፣ «ሸይኻችን» ተብሎ በኅዳጉ የተጠቀሰው ማን እንደሆነ ግን ጠፋ። ሥርዓቱ ለቦታ መጥፋት የጸና፣ ለሰው መጥፋት የተጋለጠ ነበር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ፈጽሞ የተለየ የመረጃ አያያዝ መጣ። በ1934 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 12፣ ከዚያም እርሱን በተካው በ1936 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 62 የቃዲና የናኢባ ምክር ቤቶች በሕግ ቆሙ፤ ኒካሕ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የሙት ልጆች ሞግዚትነት፣ ወቅፍ፣ ስጦታና ውርስ በእነርሱ ሥር ሆኑ። ከዚያ በፊት ቃዲ አልነበረም ማለታችን አይደለም። አዲስ የሆነው ዶሴ ነው። ቀድሞ ከአርባ ዓመት በፊት የታሰረ ኒካሕ የሚረጋገጠው በሕይወት ባሉ ምስክሮች ነበር፤ ምስክሮቹ ካለፉ የባልዋን ድርሻ የምትጠይቅ አሮጊት በምን ትቆማለች? አሁን ግን ቁጥር ያለው ፋይል፣ ቀን ያለው ውሳኔ፣ ይግባኝ ሲባል ወደ በላይ የሚሻገር ግልባጭ ተገኘ። በ1992 ዓ.ም የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188 ፍርድ ቤቶቹን በመጀመሪያ ደረጃ፣ በከፍተኛና በጠቅላይ ሲያዋቅር፣ ተከራካሪዎች በሸሪዓው ለመዳኘት ግልጽ ፈቃዳቸውን እንዲሰጡም ደነገገ። ይህም ፈቃድ ራሱ የሚጠበቅ ሰነድ ሆነ፤ ከጠፋ የፍርዱ መሠረት ያጠያይቃልና።

በእኛ አስተያየት የፍርድ ቤት መዝገቦቻችን ለታሪክ ጥናት ገና አልተነኩም። የአንድ ወረዳ የውርስ ዶሴዎች በቅደም ተከተል ቢነበቡ፣ ሰዎች ምን ንብረት እንደነበራቸው፣ ሴቶች ድርሻቸውን በተግባር ያገኙ እንደነበር ወይም እንዳላገኙ፣ ወቅፍ የተባለው መሬት እንዴት እንደተለወጠ ከማንኛውም ትረካ ይልቅ ይነግሩናል። ዳሩ ግን ዶሴ የኪታብን ጠባይ አልወረሰም። ኪታብ በብዙ ቅጂ ይኖራል፤ ዶሴ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ኪታብ የሚጠብቀው የሚወድደው ሰው ነው፤ ዶሴን የሚጠብቀው ተረኛ ሠራተኛ ነው። አንድ ክፍል ጣሪያው ቢያፈስ የሃያ ዓመት ኒካሕ አብሮ ይረጥባል።

ማዕከላዊ ድርጅትም ከጊዜ በኋላ ቆመ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ከተደረገው የሙስሊሞች ታላቅ ሰልፍ በኋላ፣ በ1968 ዓ.ም የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ተመሠረተ፤ በ2012 ዓ.ም ደግሞ በአዋጅ የሕግ ሰውነት አገኘ። ከፌዴራል እስከ ክልል፣ ከዞን እስከ ወረዳና መስጂድ የተዘረጋ መዋቅር ሲኖር የመረጃ ጥያቄው ይለወጣል። በሐሪማው ዘመን መረጃ ከጎን ወደ ጎን ይሄድ ነበር፤ በመዋቅር ግን ከላይ ወደ ታች መመሪያ፣ ከታች ወደ ላይ ሪፖርት ይሄዳል። ሪፖርት የሚይዘው የተጠየቀውን ነው። ስንት መስጂድ፣ ስንት መድረሳ፣ ስንት ተማሪ ተብሎ ሲጠየቅ ቁጥር ይመጣል፤ በየትኛው ሣጥን ውስጥ የማን ኅዳግ ያለበት ኪታብ እንዳለ ግን ካልተጠየቀ አይመጣም።

በእጅ ጽሑፍ ጥበቃ ረገድ የሀገራችን ሥራ ሚዛኑ ያዘነበለ ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ሥራ ከ8 ሺህ በላይ ጽሑፎችን ያነሳ ታላቅ አገልግሎት ቢሆንም፣ ትኩረቱ በአብዛኛው በገዳማትና በአብያተ ክርስቲያናት በሚገኙ የግዕዝ መጻሕፍት ላይ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የሚገኙት የዐረብኛና የዐጀሚ ጽሑፎች ዝርዝር በመጽሐፍ መልክ የወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ዝርዝር ለተመራማሪ ትልቅ በር ነው። ነገር ግን ወደ አዲስ አበባ የደረሰ ኪታብ ብዙውን ጊዜ ከሐሪማው የተለየ ኪታብ ነው፤ ስለ ኪታቡ የሚናገረው ሰው አብሮ አልመጣም።

መሰብሰብም ብቻውን መጠበቅ አይደለም። በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት ይገኝ የነበረው የደሴ ቤተ መዘክር ተዘርፏል። በአንድ ቤት የተሰበሰበ ቅርስ በአንድ ሌሊት ሊሄድ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። የቲምቡክቱም ታሪክ ከዚህ ጋር ይነበባል። በ2012 እ.ኤ.አ. ከተማዪቱ በታጣቂዎች እጅ ስትወድቅ፣ ከጥፋት የተረፈው አብዛኛው ጽሑፍ የተረፈው ባለቤቶቹ የሆኑ ቤተሰቦችና ጠባቂዎች በሣጥን እያደረጉ በድብቅ ወደ ባማኮ ስላሻገሩት ነው። በጥር 2013 እ.ኤ.አ. የተቃጠሉት በመንግሥት የአሕመድ ባባ ተቋም የነበሩ ነበሩ። በየቤቱ የተበተነው ተረፈ፤ በተቋሙ ከነበረው ከፊሉ ነደደ።

በመሆኑም ቤተሰቦች ኪታባቸውን ለፎቶ ለማቅረብ ሲያመነቱ «ባላዋቂነት» ብሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለንም። ሥጋታቸው ሁለት ነው፤ አንደኛው ኪታቡ ተወስዶ እንዳይቀር፣ ሁለተኛው ምስሉ ያለ ፈቃዳቸው ለሌላ እንዳይተላለፍ። ሁለተኛው ሥጋት ከላይ የጠቀስነው የኢብን ጀማዓ አደብ ነው፤ የተዋሰ ሰው ለሌላ አያውስም። ምስልም እንደ ውሰት ሊቆጠር ይገባል፤ ለማን እንደሚታይ፣ በስንት ቦታ እንደሚቀመጥ፣ ባለቤቱ ቢያስፈልገው ግልባጩን ከማን እንደሚያገኝ ከመነሳቱ በፊት በጽሑፍ መስማማት ያሻል። አንድ ቅጂ በቤተሰቡ እጅ፣ አንድ በመስጂዱ፣ አንድ ከአካባቢው ውጭ መቀመጥ አለበት። የአሮጌው ሥርዓት ጥንካሬ የነበረው መበተን በዚህ ይጠበቃል።

ምዝገባውን የሚጀምሩ መምህራንና ኢማሞች ከርዕሱ በፊት ሰውን እንዲጠይቁ እናሳስባለን። ኪታቡ የማን ነበር፣ ከማን ተገለበጠ፣ በማን ደርስ ተነበበ፣ ወቅፍ ከሆነ ለማን፣ አሁን ኅዳጉን ማንበብ የሚችለው ማን ነው፤ ይህ ሁሉ ከመጀመሪያና ከመጨረሻ ገጹ ምስል ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ይስፈር። ዐጀሚ ያለበት ገጽ ለብቻው ይጠቆም። የሸይኹን ድምፅ መቅዳት ከተቻለ፣ ኅዳጉን ራሳቸው እያነበቡ ይቀዳ። ከደጋን እስከ ባቲ፣ ከሐርቡ እስከ ደሴ ባሉ መስጂዶች ይህን ለማድረግ ኮምፒውተር አስቀድሞ አያስፈልግም። መስመር ያለው ደብተር ይበቃል፤ ደብተሩ ግን በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ ሁለቱም ቅጂዎች በሁለት ሰዎች እየተነበቡ ይነጻጸሩ፤ ማነጻጸሩ ባቆመበት መስመር ጎንም «በለገ» ይጻፍበት።